ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለምን ይዘናጋል? ውስጡ ያለ ሠራተኛስ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ «ሲያትል አካባቢ በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ። ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የእኛ ቲም የክፍያ ሥርዓት ነው የሚጠብቀው። በየሌሊቱ የሚጮህ አለርት (የብልሽት ማስጠንቀቂያ) አለ፤ ተረኛው ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል። ምክንያቱን ስጠይቅ ‹የታወቀ ነው› ይሉኛል። ቲኬቱ (ችግሩ እንዲሠራ የተመዘገበበት ማስታወሻ) የተከፈተው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ሳምንታዊው ሪፖርት ግን ሁሌ አረንጓዴ፣ ማለትም «ሁሉ ደህና» ነው። ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ደሞዙም ጥሩ ነው፣ የሚጨነቅ ሰው ግን አላየሁም። ኩባንያው እየሞተ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ያለሁት ከቀጣሪዬ ጋር በተሳሰረ የሥራ ቪዛ (ኤች-ዋን-ቢ) ስለሆነ መናገሩም ያስፈራኛል። እባክዎ ምን ይመክሩኛል? (እህትዎ ከቤልቪው)»

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው ነገር እውነት ነው፤ ራስሽን አትጠራጠሪ። ኩባንያው እየሞተ ነው ወይ ላልሽው ግን አይመስለኝም። እንዲያውም ገና ብዙ ዓመት ትርፍ በትርፍ ሆኖ ሊኖር ይችላል። ችግሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሥራዬ ትልልቅ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ሲወድቁ ለምን እንደወደቁ መመርመር ነው። ሥርዓቱ ከተነሣ በኋላ ሰዎቹን አንድ በአንድ አነጋግራለሁ። የቆዩ ቲኬቶችን፣ ሜይሎችንና የስብሰባ ማስታወሻዎችን አገላብጣለሁ። ማንም ሳያውቀው ዱብ ያለ ብልሽት እምብዛም አያጋጥመኝም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው አስቀድሞ አይቶታል። ጽፎታልም። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ወሬው ቆሟል።

ስለ መዘናጋት ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚታየው ሰነፍ ሠራተኛ ነው። ነጻ ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ይዞ ከስብሰባ ስብሰባ የሚዞር። እንደዚያ ያለ ሰው የለም አልልም፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ትንሽ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከጠዋት እስከ ማታ እየለፋ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ የማያልፍበት ቲም ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ሥራ በዝቶበታል። ማንም ተዘናግቻለሁ ብሎ አያስብም።

አረንጓዴ ሪፖርት እንዴት እንደሚወለድ ላሳይሽ። ስሙን በማልጠቅሰው ድርጅት ያየሁት ነው። አንዲት ኢንጂነር «ሲስተሙ ሲጨናነቅ አንዳንድ ትዕዛዞች ይጠፋሉ፤ የትኞቹ እንደጠፉም ማወቅ አንችልም» ብላ ጻፈች። ቲም ሊዷ ይህን ወደ ሳምንታዊው ሪፖርት ሲያስገባው «በከፍተኛ ጭነት ጊዜ የሚታይ የታወቀ ችግር አለ፤ እየተከታተልነው ነው» አለ። ማኔጀሩ የብዙ ቲሞችን ሪፖርት በአንድ ገጽ መጨመቅ ነበረበት። እሱ ጋ ሲደርስ «መጠነኛ ስጋት፣ በቁጥጥር ሥር» ሆነ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ የደረሰችው አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ናት። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም አልዋሸም። እያንዳንዱ የሰማውን በትንሹ አለዝቦ አሳለፈ። ደንበኛው ግን ገንዘቡ ተቆርጦ ዕቃው አልመጣለትም። ኢንጂነሯን ሳነጋግራት «ነግሬያቸው ነበር» አለችኝ። ቲም ሊዷም፣ ማኔጀሩም ያሉኝ ያንኑ ነው። ሦስቱም እውነታቸውን ነበር።

አሁን በመንግሥት ሰነድ የተመዘገበ ጉዳይ ልንገርሽ። ከአንቺ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ የማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ሬድመንድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2023 አጋማሽ ከቻይና ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች በማይክሮሶፍት የኢሜይል አገልግሎት በኩል የ22 ድርጅቶችና ከ500 የሚበልጡ ሰዎች የመልእክት ሳጥን ውስጥ ገቡ። የወቅቱ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ጂና ራይሞንዶ ከተጠቂዎቹ አንዷ ነበሩ። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ኢሜይል ተወሰደ።

የገቡት በአንድ ዲጂታል ቁልፍ ነው። አንድ ሰው ወደ አካውንቱ ሲገባ ሥርዓቱ «አዎ፣ እሱ ራሱ ነው» ብሎ የሚያምነው በዚህ ዓይነት ቁልፍ የተፈረመ ማረጋገጫ ሲቀርብለት ነው። ቁልፉን የያዘ ሰው ማረጋገጫውን ራሱ ይፈርማል፤ ማንንም መስሎ ይገባል። ይህ ቁልፍ የተሠራው በ2016 ነበር። እንዲህ ያሉ ቁልፎች በየጊዜው መቀየር አለባቸው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለተራ ተጠቃሚዎች አካውንት የሚያገለግሉትን ቁልፎች የሚቀይረው በእጅ ነበር። በ2021 ከዚህ በእጅ የመቀየር ሥራ ጋር የተያያዘ ትልቅ የአገልግሎት መቋረጥ አጋጠመው። ከዚያ በኋላ መቀየሩን ጭራሽ አቆመ። በምትኩ ራሱ የሚቀይር ሥርዓት አልተዘረጋም። ቁልፉ ማርጀቱን የሚያሳውቅ አለርትም አልነበረም። በዚያ ላይ ሌላ ስህተት ተጨመረበት፤ ለግል አካውንቶች ብቻ መሥራት የነበረበት ቁልፍ የመሥሪያ ቤቶችንም በር ከፈተ።

እዚህ ላይ ቆም በይና ውሳኔው የተወሰነበትን ቀን አስቢው። ሥርዓቱ ተቋርጧል፣ ደንበኞች ይጮኻሉ፣ መንስኤው የቁልፍ ቅየራው ነው። አንድ ሰው «ለጊዜው እናቁመው» ቢል ማን ይቃወመዋል? እኔም ብሆን የምቃወም አይመስለኝም። ማቆሙን የሚሠራ ሰው ይገኛል። መልሶ ማስጀመሩን ግን በስሙ የተረከበ ሰው ከሌለ ነገ ሌላ ሥራ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሰውየው ቲም ይቀይራል፣ ከዚያ ማንም አያስታውሰውም። መዘናጋት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ የተባለውም ለጊዜው ነው።

ጥቃቱን መጀመሪያ ያየውስ ማን ነው? የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የደኅንነት ባለሙያዎች ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበትን የኢሜይል እንቅስቃሴን በዝርዝር የሚመዘግብ አገልግሎት ገዝቶ ነበር። በዚያ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የጻፉት የማስጠንቀቂያ ደንብ ነበራቸው። ደንቡ ጮኸ። እነሱም ድምፁን አላጠፉትም። መረመሩ፣ በማግስቱም ለማይክሮሶፍት አሳወቁ። የአንቺን አለርት ሳነብ ትዝ ያሉኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ ሪፖርቱን ያወጣው በኤፕሪል 2024 ነው። ጥቃቱ ሊከለከል ይችል ነበር አለ። የኩባንያው የደኅንነት ባህል በቂ አይደለም፣ ከመሠረቱ መታደስ አለበት አለ። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 ቁልፉ በምን መንገድ ሊሰረቅ እንደቻለ የሚያብራራ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በኖቬምበር ማብራሪያው ትክክል እንዳልነበረ ለቦርዱ አመነ። ለሕዝብ ያረመው ግን በማርች 2024 ነው፤ ያውም ቦርዱ ደጋግሞ ከጠየቀ በኋላ። ስህተት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ያንን እርማት ከቤት ለማውጣት ወራት ፈጀ።

ከሪፖርቱ በኋላ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳትያ ናዴላ ለሠራተኛው ጻፉ። ደኅንነትና ሌላ ሥራ ሲጋጩባችሁ ደኅንነትን አስቀድሙ አሉ። የበላይ ኃላፊዎች ክፍያም በከፊል ከደኅንነት ውጤት ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ነው የበለጠ የሚያሳምነኝ። ትእዛዝ ይረሳል፤ ደሞዝ ላይ የተጻፈ ነገር ግን አይረሳም።

ወደ «ለምን» ልመለስ። የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። ትንሽ ድርጅት ሲሳሳት ደንበኛው በነጋታው ይቀራል፣ በወሩ መጨረሻም ለደሞዝ የሚከፈል ይጠፋል። የትልቁ ኩባንያ ደንበኛ ግን በውል የታሰረ ነው። ሥራውን ሁሉ በዚያ ሶፍትዌር ላይ ስላዋቀረ ቢናደድም ነቅሎ አይሄድም። ስለዚህ በስህተቱና በቅጣቱ መሃል ዓመታት ይገባሉ። ማይክሮሶፍት ያ ሁሉ በሆነበት በ2023 የበጀት ዓመት ገቢው ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ሳሩ እውነተኛ ሳር ነበር። ሰዎች በቁጥር ይታለላሉ፤ ቁጥሩ ደግሞ ትክክል ነው።

ሁለተኛው የዕድገት ነገር ነው። አዲስ ነገር የሠራ ፕሮሞሽን ያገኛል። አሮጌውን ያደሰ ሰው «ታዲያ ምን ሠራህ?» ይባላል። ያልደረሰ አደጋ ሲቪ ላይ አይጻፍም። የአንቺን ቲኬት ለመዝጋት አንድ ሰው የወራት ሥራ ይጠይቀው ይሆናል። በግምገማው ጊዜ ግን የሚያሳየው ነገር «ድሮ ይጮህ የነበረው አለርት አሁን አይጮህም» የሚል ብቻ ነው። ይህን የሚሸልም ማኔጀር አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። ለዚህ ነው ጎበዞቹ ልጆች አይተውት የሚያልፉት። ስሌቱን በደንብ ሠርተውታል።

የአክሲዮኑም ጉዳይ አለ። እንደ አብዛኛው ትልቅ ኩባንያ ከሆነ እንደ ክፍያሽ አካል የሚሰጥሽ አክሲዮንም በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚለቀቅ ይሆናል። ሰዎች የሚቀጥለውን ክፍያ እየጠበቁ ዝም ይላሉ። ሲደርስ ደግሞ ሌላ ይሰጣቸዋል። የቤት ብድር አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ። ይህን ስጽፍ ልፈርድባቸው አይደለም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ከአለቃው ጋር ለመጋጨት ሁለቴ ያስባል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ብዙ ሰው መዘናጋት የሚመጣው ሰው ሳይፈራ ሲቀር ይመስለዋል። የኖኪያ ታሪክ ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። አገር ቤት እኮ ሞባይል ማለት ኖኪያ የነበረበት ጊዜ አለ። በ2007 አይፎን ሲወጣ በዓለም ከሚሸጡት ስማርትፎኖች ግማሽ ያህሉ የኖኪያ ነበሩ። በሴፕቴምበር 2013 ኩባንያው የሞባይል ክፍሉን ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በጥቂቱ በሚበልጥ ዋጋ ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ ተስማማ። በመሃል ምን ሆነ? ኩዊ ሁይ እና ቲሞ ቩኦሪ የተባሉ ተመራማሪዎች 76 ሰዎችን አነጋግረው አጠኑት። ያገኙት ነገር ይገርማል። መካከለኛ ማኔጀሮቹ ሲምቢያን የተባለው የስልኩ ሶፍትዌር ከአይፎን ጋር እንደማይወዳደር ያውቁ ነበር። ግን አለቆቻቸውን ፈሩ። «አይደርስም» ያለ ሰው አቅም እንደሌለው ይቆጠር ነበር። አለቆቹ ደግሞ ተፎካካሪውንና ባለአክሲዮኑን ፈሩ፤ ስለዚህ ታች ያሉትን «ቶሎ፣ ቶሎ» እያሉ ይገፏቸው ነበር። ታች ያለው «እሺ ይደርሳል» ይላል። ላይ ያለው ያምናል። ከውጭ ለሚያይ ይህ ትዕቢት ይመስላል። ውስጡ ግን ሁሉም እየፈራ ነበር።

ስለዚህ ቲምሽን እንደገና እዪው። «የታወቀ ነው» የሚልሽ ሲኒየር ኢንጂነር ግድ የለሽ ላይሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት ተናግሮ አንገቱን የደፋ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው ብለሻል። ጉብዝና ከዚህ አያድንም። ዛሬ የምናያቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦቶች የተመሠረቱበትን ሐሳብ በ2017 በጽሑፍ ያወጡት ስምንት የጉግል ተመራማሪዎች ናቸው። በኖቬምበር 2022 ግን ቻትጂፒቲን ይዞ ገበያ የገባው ኦፕንኤአይ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ጉግል ያኔ ተንቀሳቀሰ፣ በጥድፊያ። በፌብሩዋሪ 2023 ባርድ የተባለውን ቻትቦቱን ሲያስተዋውቅ ማስታወቂያው ላይ ስለ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የተሳሳተ መልስ ተገኘበት፤ የወላጅ ኩባንያው የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን በ100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ስምንቱም ተመራማሪዎች በየጊዜው ለቀው ሄዱ። ጉግል ግን አልሞተም፤ ተመልሶ ውድድሩ ውስጥ ገብቷል። የነቃው ግን ሌላ ሰው ቀስቅሶት ነው፤ ዋጋም ከፍሎበታል።

የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራው ኢንቴል ደግሞ ለዓመታት ከፍሎበታል። በ2016 ገደማ ይወጣል የተባለው የቺፕ ትውልድ በብዛት ገበያ የገባው በ2019 ነው። በዚያ በሚዘገይበት ጊዜ፣ በ2018፣ ኩባንያው ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገባ፤ እስከዚያ ድረስ በታሪኩ ከፍተኛው ነበር። በ2020 አፕል ለኮምፒውተሮቹ የራሱን ቺፕ እንደሚጠቀም አሳወቀ። በ2024 ኢንቴል ወደ 15 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንስ ተናገረ። «ኩባንያው እየሞተ ነው ወይ» ለሚለው ጥያቄሽ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የሚያሰጋው ዓመት ብዙ ጊዜ ሪከርድ ትርፍ የተገኘበት ነው። ቅነሳው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ሪፖርቱን ያለዘበው ኃላፊ አይደለም። የአንቺ እኩዮች ናቸው። የምቆረቆረውም ለዚህ ነው።

አሁን ምን ታድርጊ?

ከሁሉ በፊት ቲኬቱን የከፈተውን ወይም በቲሙ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየውን ሰው ለብቻው አግኚው። ቡና ጋብዢው። «ይህ ለምን እስካሁን አልተሠራም?» ብለሽ አትጀምሪ፤ የወቀሳ ድምፅ አለው። «ያኔ ምን ሞክራችሁ ነበር? ምን አስቸገራችሁ?» በይው። አንቺ የማታውቂው በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ከሌለም አጋር ታገኛለሽ። ያለ እሱ ብትሄጂ ደግሞ ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ተቃዋሚሽ እሱ ይሆናል።

ቀጥሎ አለርቱ ለደንበኛው ምን ማለት እንደሆነ እወቂ። አሁን የምታውቂው መጮሁን ብቻ ነው። የተወሰኑ ሌሊቶችን መዝገብ ውሰጂና አለርቱ በጮኸባቸው ደቂቃዎች ምን እንደሆነ ተከታተዪ። ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ሰው አለ? ያልተመለሰ ገንዘብ አለ? ወይስ ክፍያው በሁለተኛው ሙከራ አልፎ ምንም አልሆነም? የመጨረሻው ከሆነ አለርቱ ራሱ ነው ስህተቱ፤ ያንን ማወቅም ትልቅ ሥራ ነው። ይህን ስታደርጊ ከተፈቀደልሽ ዳታ ውጭ አትንኪ። ምንም ነገር ወደ ግል ኮምፒውተርሽ ወይም ስልክሽ አታውጪ። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም፤ ትክክል ሆነሽ ሳለ በዚህ ብቻ ከሥራ ልትባረሪ ትችያለሽ።

ከዚያ አንድ ገጽ ጻፊ። እኛ ያደግነው «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው። ለአለቃ አይሆንም ማለት፣ በሰው ፊት መከራከር ይከብደናል። አብሬያቸው የሠራኋቸው ብዙ ጎበዝ ሐበሾች ስብሰባ ላይ ዝም ብለው፣ ኮሪደር ላይ ነው እውነቱን የሚናገሩት። መጻፍ ለዚህ ይጠቅማል፤ ማንንም ፊት ለፊት ሳታሳፍሪ እውነቱን በቦታው ታስቀምጫለሽ። «በጣም አሳሳቢ»፣ «አስደንጋጭ» የሚሉ ቃላት አታስገቢ። ምን እንደሚሆን፣ ስንት ደንበኛ እንደሚነካ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ለማስተካከል ስንት ሰው ለስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ጻፊ። ቁጥር አይለዝብም። «አንዳንድ ትዕዛዞች» የሚለው «መጠነኛ ስጋት» ይሆናል፤ «በሳምንት ይህን ያህል ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል» የሚለውን ግን ማኔጀሩ ሲጨምቀውም ቁጥሩ ይተርፋል።

ገጹን ስታቀርቢ አንድ ጥያቄ ጨምሪበት። ጥያቄው የኢንቴሉ አንዲ ግሮቭ ነው፤ ኢንቴል ገና ንቁ በነበረበት ዘመን። በ1985 የጃፓን ኩባንያዎች በሜሞሪ ቺፕ ኢንቴልን ያሸንፉት ነበር። ኢንቴል የተመሠረተው ደግሞ በዚያው በሜሞሪ ነው፤ ማንም መተውን ሊያስብ አልፈለገም። የያኔው ፕሬዚዳንት ግሮቭ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ጎርደን ሙርን «እኛን አባርረው አዲስ ሥራ አስፈጻሚ ቢያመጡ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?» አለው። ሙር ከሜሞሪ ያስወጣናል አለ። «ታዲያ ያንን እኛው ራሳችን ለምን አናደርገውም?» አለ ግሮቭ። አደረጉትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባላችን የገባው ሰው ነበር። አንቺም ቲሙን «ይህን ሥርዓት ነገ ሌላ ቲም ቢረከበን መጀመሪያ የሚያስተካክለው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ ጥያቄ ማንንም አይከስስም። ሰው ስለ ራሱ ያለፈ ውሳኔ መከላከሉን ትቶ ስለ ሥርዓቱ ማውራት ይጀምራል።

በመጨረሻ ውሳኔ ጠይቂ። ሁለት ምርጫ ስጪ። ወይ ችግሩ ባለቤትና ቀን ተሰጥቶት ይሠራ፣ ወይ አለርቱ ይጥፋና ስጋቱን የተቀበለው ኃላፊ ስም ቲኬቱ ላይ ይጻፍ። ማንም የማይነሣለት አለርት ከሌለ አለርት ይብሳል፤ ሰውን ዝም ማሰኘት ያለማምዳል፣ እውነተኛው በመጣ ሌሊትም ጣት ለምዶ ያጠፋዋል። ስም መጻፍ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይቀየራል። «የታወቀ ነው» ማለት ቀላል ነው። «እኔ አውቄ ተቀብዬዋለሁ» ብሎ መፈረም ቀላል አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በደንብ ተከታተዪ፤ ስለ ኩባንያሽ ከማንኛውም የትርፍ ሪፖርት የበለጠ ይነግርሻል። አለቃሽ አመስግኖ ቀን ከቆረጠለት፣ ሥራው ቢዘገይ እንኳ፣ ቦታው ጤነኛ ነው፤ ቆዪ። «ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን» ብሎ ካስቀመጠው አንድ ጊዜ ጠብቂና በተባለው ጊዜ መልሰሽ አምጪው። ገጹ ተትቶ «ቲም ፕሌየር አይደለችም» የሚል ነገር ግምገማሽ ላይ ከመጣ ግን መልስ አግኝተሻል። ደንበኞች ያለ አግባብ እየከፈሉ መሆኑን ካረጋገጥሽና አለቃሽ ካፈነው፣ ኩባንያው ውስጥ ላለው የሕግ ማክበር ክፍል በጽሑፍ አሳውቂ። ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አትሂጂ።

ስለ ቪዛው ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። በኤች-ዋን-ቢ ላይ ያለ ሰው ሥራው ሲቋረጥ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ሁኔታውን ለመቀየር ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሬትሽን አጽኚ። ሲቪሽን አሁኑኑ አዘጋጂ፣ ኢንተርቪው መለማመድ ጀምሪ፣ ለጥቂት ወራት የሚሆን ገንዘብ ያዢ። ሥራ ላይ እያለሽ ሌላ ቀጣሪ ካገኘሽ አዲሱ ኩባንያ ማመልከቻውን እንዳስገባ እዚያ መሥራት መጀመር ትችያለሽ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ መጠበቅ የለብሽም። ከመንቀሳቀስሽ በፊት ግን ወረቀትሽን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው፤ የኩባንያው ሳይሆን የራስሽ ጠበቃ። መውጫ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

ገጹን ከጻፍሽው በኋላ የኩባንያውን ስምና ምስጢር አውጥተሽ ረቂቁን ብትልኪልኝ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር በቀላሉ ሊለዝብ እንደሚችል ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።